በሕይወት ያለው ፋይል

ኦክቶበር 3፣ ዓርብ

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ የስላቪን ስም የመግቢያው በር ላይ ተለጥፎ አየሁት። ስላቪ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።

ወረቀቱ የኦግኒያን ነው። ባሌ ከፋብሪካ ኢንጂነርነቱ ጡረታ ሳይወጣ ጀምሮ የዚህ ሕንፃ ገንዘብ ያዥ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ መዋጮ ያልከፈሉትን ሰዎች ስም ከኮምፒውተሩ አትሞ በሩ ላይ ይለጥፋል። እዚህ ቤት ሰው ከዚያ ወረቀት በላይ የሚፈራው ነገር የለም። ተበድሮም ቢሆን ይከፍላል እንጂ ስሙ እዚያ እንዲወጣ አይፈልግም።

ሦስት ስም ነበር። ስላቪ፣ ለሊፍት ጥገና። ቤቷን ሸጣ ቫርና የገባችው የጥርስ ሐኪም። ሦስተኛውን አላነበብኩትም።

አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ሚንቾ ታክሲውን ሊያስነሳ ወጥቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ወረቀቱን ያነባል።

«እትዬ ራይና፣ እኛ የጋብሮቮ ሰዎች ሞተንም ከዕዳ አንገላገልም ማለት ነው?»

ሳቅሁ። በጋብሮቮ ሰው ስስት አገር ሁሉ ይቀልዳል፤ ዛሬ ለምን እንደሳቅሁ ግን አላውቅም። ወረቀቱን ቀደድኩት። ፕላስተሩ አራቱ ማዕዘን ላይ እንደተጣበቀ ቀረ።

ቤት ስመለስ ኦግኒያን ሻይ እየጠጣ ነው።

«እጅሽ ላይ ያለው የኔ ወረቀት ነው?»

«ስላቪ አለበት እኮ።»

«ካልከፈለ ይኖርበታላ።»

«ኦግኒያን፣ ስላቪ!»

ቀና ብሎ አየኝ። «ፋይሉ ነው» አለ። «ሌላ ፋይል ተከፍቶ ነው።»

እፎይ አልኩ። እውነትም ፋይሉ ነው።

ማታ። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ በሥርዓቱ ልጻፈው። ሴፕቴምበር ላይ አሮጌው ኮምፒውተር እንደ ወፍጮ ማጓራት ሲጀምር አዲስ ገዛን። ፋይሎቹን ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ ልጃችን ካሊና ከሶፊያ በስልክ «እማ፣ ይሄን ያዢ፣ ወደዚያ ጎትቺ» እያለችኝ። ኦግኒያን አሮጌውን ዲስክ ማንም እንዳያነበው ብሎ በረንዳ ላይ በመዶሻ አድቅቆ ጣለው።

ፕሮግራሙ ለቤት ወጪ የተሠራ ነው። እሱ ግን የሕንፃውን ሒሳብ ሁሉ በዚያ ይይዛል፤ የኛ በር ከ«ሀ» ቀጥሎ ያለው «መግቢያ ለ» ስለሆነ ፋይሉንም በዚያ ስም ይጠራዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ፋይሉን ይዘጋውና ስሙ ላይ ዓመቱን ይጽፍበታል፦ መግቢያ ለ 2018፣ መግቢያ ለ 2019 እያለ። የያዝነው ዓመት ፋይል ስም ግን «መግቢያ ለ» ብቻ ነው። «በሕይወት ያለ ፋይል ዓመት አይጻፍበትም» ይላል። «ዓመት የሚጻፈው የተዘጋ ነገር ላይ ነው፤ እንደ መቃብር።»

አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙ ሲነሳ መጨረሻ የተሠራበትን ፋይል ራሱ ይከፍት ነበር። አዲሱ ላይ ግን የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። እኔ ሁሉንም አንድ ላይ ዘርግፌ ተውኩለት። ስማቸው ይመሳሰላል። 2018ን ከፈተ። ማንም ይሳሳታል።


ኦክቶበር 4

ባኒትሳ፣ የአይብ ቂጣ፣ ጋግሬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ የስላቪ ሚስት ዶብሪንካ ዘንድ። ወረቀቱን ከኔ ቀድማ አይታዋለች።

«ስላቪ በዕድሜው ለማንም ሳንቲም ቀርቶበት አያውቅም።»

«አውቃለሁ። ፋይሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ስንቀይር።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ባኒትሳውን ቆርጣ ለኔ ሰጠችኝ፤ እሷ አልቀመሰችም። ስወጣ በሩ ላይ ክንዴን ይዛ ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ ስለ ኦግኒያንና ስለ በሯ ደወል። ቀልዶ ይሆናል አልኳት። ኦግኒያን ሲቀልድ ፊቱ አይለወጥም፤ ለብዙ ሰው አይገባም።


ኦክቶበር 11

አስተካከልኩት። የተዘጉትን ዓመታት ሁሉ «የተዘጉ» የሚል ፎልደር ውስጥ ከተትኳቸው። ውጭ የቀረው በሕይወት ያለው ብቻ ነው።

ፋይሎቹን መክፈት አልችልም። ፓስወርዱን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለኔም። «የሕዝብ ገንዘብ ነው» ይላል። ማዛወር፣ ስም መቀየር፣ ማጥፋት ግን ያለ ፓስወርድ ይቻላል። የሚገርም ነገር ነው። በሩ የተቆለፈ ቤት፣ ግን እንዳለ ተሸክመሽው መሄድ ትችያለሽ።

ኖቬምበር 20 ስብሰባ አለ። ከፀደይ ጀምሮ ለጣሪያ ጥገና የተዋጣው ገንዘብ በሱ እጅ ነው። ማን ስንት እንደከፈለ ቆሞ ያነባል፣ ጣሪያ ሠሪው ቀብድ ይቀበላል፣ በረዶ ሳይወርድ ሥራው ይጀመራል። ከአዲስ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌቫ ቀርቶ ዩሮ ነው፤ አዲስ ፋይል መክፈት አለበት። ለአንድ ሰው ይበዛል።

ያቺን ስብሰባ ብቻ በደህና ይለፍልኝ። ሰው ፊት ሳይዋረድ ያንብብና ከዚያ በክብር ያስረክባል። ሌላ አልፈልግም።


ኦክቶበር 18

የደረጃው መብራት ተቆረጠ። ሒሳቡ አልተከፈለም ብለው።

ጨለማው ውስጥ የሚንቾ ድምፅ፦ «አያቶቻችን የሰዓቱ ጥርስ እንዳያልቅ ብለው ማታ ማታ ያቆሙት ነበር፤ ኢንጂነር ደግሞ መብራቱን አቆሙልን!» ላይ ታች ሳቅ።

ኦግኒያን ተቆጣ። «ከፍያለሁ። ተጽፏል።» ጎትቶ ስክሪኑን አሳየኝ። እውነትም ተጽፏል። የፋይሉን ስም ከላይ አነበብኩ። መግቢያ ለ 2018።

ፎልደሩን በደንብ አልደበቅኩትም። ደጋግሞ ተጭኖ ገብቶ ነው ያገኘው። ሰው የለመደውን ይፈልጋል።

መብራቱን ከራሴ ከፈልኩ። ዩሮውም ነው። ዋጋው ሁሉ በሁለት ገንዘብ ተጽፎ ማን ያልተምታታ አለ? ፖስታ ቤት፣ እኔ የምሠራበት መስኮት ላይ የሚቆመው ሰው ሁሉ ግራ ተጋብቷል።


ኦክቶበር 19

ካሊና ደወለች።

«እማ፣ ስንት ጊዜ ነው እነዚህን ፋይሎች የምታዛውሪያቸው?»

«ተበላሽተው ነዋ።»

«የተበላሸው ፋይሉ ነው?»

«ሌላ ምን ይበላሻል?»

«እማ፣ አባን አንድ ሐኪም ቢያየው—»

«ድስቱ እያረረብኝ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።


ኦክቶበር 25

ጨረስኩት። የተዘጉትን ዓመታት በሙሉ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ከኮምፒውተሩ አጠፋኋቸው። ፍላሹን የልብስ ቁልፍና መርፌ የማስቀምጥበት ቆርቆሮዬ ውስጥ ጣልኩት። አሁን ያለው አንድ ፋይል ነው። አንድ ነገር ብቻ ካለ ሰው ምን ይሳሳታል?

ዛሬ ደህና እንቅልፍ ይወስደኛል።


ኦክቶበር 27

አልችልም። በኋላ።

ማታ። አሁን ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ተቀመጠ። እኔ የሰሃን ጨርቅ ይዤ ኋላው ቆሜያለሁ። ፓስወርዱን መታ፤ ተከፈተ። ትክክለኛው ነው። ጣሪያው፣ የዘንድሮ ስሞች፣ ሁሉም አለ። ደስ አለኝና «ይኸው!» ልል ነበር።

ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ። ጀርባው ቀጥ አለ።

«ይሄ የማነው?»

«ያንተ ነዋ።»

«የኔ አይደለም። የምን ጣሪያ? ስላቪ የለም። የጥርስ ሐኪሟ የለችም። እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም። የሌላ ሕንፃ ነው ራይና። ሰው ገብቶበታል።»

ድምፁ የፋብሪካ ድምፁ ነው፤ የጎደለ ብሎን ሲያገኝ እንደሚናገረው። ምንም የደከመ ሰው አይመስልም። የዘንድሮው ነው፣ ያንተው ነው፣ በጣትህ የጻፍከው ነው ልለው ፈልጌ «ሻይ ላፍላልህ» አልኩት።

ውሃው እስኪፈላ ምድር ቤት ወርዶ ተመልሷል። እኔ አልሰማሁም። የራሱን ደንብ ረስቼ ነበር። «ሦስት ቦታ» ይላል ሁልጊዜ፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ኩሽና፣ አንዱ ምድር ቤት የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ። ዓመት ሲዘጋ ብቻ የሚገለብጥበትን የምድር ቤቱን ፍላሽ ሰክቷል። ከዚያ 2018ን አወጣ፣ ዓመቱን ከስሙ ላይ ፋቀ፣ «መግቢያ ለ» አደረገው። ትሪውን ይዤ ስገባ ስክሪኑ እየጠየቀው ነው፦ በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፤ ይተካ?

አፌን ስከፍት «አዎ»ን ተጫነ።

«ተስተካከለ» አለ። ብርጭቆውን ከትሪው አነሳ። «ምን ያስደነግጥሻል? ነገርኩሽ፤ ተስተካከለ።»

ዓመቱ ሁሉ ሄደ። ከጃንዋሪ ጀምሮ ያለው፣ ጣሪያው፣ ሁሉም።

ወደ ኩሽናው ፍላሽ ሮጥኩ። በየዓርቡ ይገለብጥበታል፤ አንድም ዓርብ አልፎት አያውቅም። ስክሪኑ ላይ ራሱ ከፈተልኝ፣ በትዕግሥት። ስላቪ። ሊፍት። ፕሮግራሙ የቀደመውን ግልባጭ አጥፍቶ የሚገለብጠው የተከፈተውን ነው፤ ከሴፕቴምበር ወዲህ ደግሞ የተከፈተው የቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

የቁልፍ ቆርቆሮዬንም ከፈትኩ፤ ምን እንዳለበት እያወቅሁ። የሞቱትን ዓመታት አንድ በአንድ ቆጥሬ አዳንኩ። በሕይወት ያለውን፣ ኮምፒውተሩ ላይ አለ ብዬ፣ አልገለበጥኩትም።


ኦክቶበር 29

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦ «እናቴ፣ የጠፋ ይፈለጋል። በላዩ የተጻፈበት ግን አይመለስም።»


ኖቬምበር 2

ኦግኒያን የሕንፃውን ገንዘብ የሚያስቀምጥበትን የብረት ሳጥን አውጥቼ ቆጠርኩ። ገንዘብ አለ፤ ብዙ ነው። ሙሉ ይሁን ጎደሎ ግን አላውቅም። ሙሉው ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ፋይሉ ነበር።

ለከፈለ ሰው ሁሉ ኦግኒያን በእጁ ጽፎ ደረሰኝ ይሰጣል። ቀሪ አይዝም፤ «ቀሪው ፋይሉ ነው» ይላል። ስለዚህ ደረሰኙ ያለው ሰው ቤት ነው። በየበሩ ሄጄ እለምናለሁ። ፋይሉን እኔ እንዳጠፋሁት እናገራለሁ። እሱ በዚህ ውስጥ አይገባም።


ኖቬምበር 7

የወሩ የመጀመሪያ ዓርብ፤ በሩ ላይ ወረቀት የለም። ሰው ሁሉ ባዶውን መስታወት እያየ ያልፋል።

ግማሹን ሕንፃ አዳርሻለሁ። አንዳንዱ ደረሰኙን በሥርዓት ይዞታል፤ አንዳንዱ ማቀዝቀዣው ላይ፣ አንዱ የውሻው ክትባት ካርድ ውስጥ። ሁሉም ያዝንልኛል። «አይዞሽ፣ ይኼ ኮምፒውተር የሚሉት ነገር» ይላሉ።

ስመለስ ሊፍቱ ስለቆመ በደረጃ ወጣሁ። ከላይ የአምስተኛ ፎቋ ስቴፍካ ከጎረቤቷ ጋር ስታወራ ሰማሁ፦

«ያጠፋችው እሷ ናት አሉ።»

«እንዴት አጠፋችው?»

«ተነካብኝ አለች። ገንዘቡም ተነክቶ እንደሆነ በስብሰባው እናያለን።»

በራቸው እስኪዘጋ ድረስ ድንቹን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት የሰው ገንዘብ በመስኮት አስገብቼ በመስኮት አስወጥቻለሁ።

ግድ የለም። ይበሉኝ። እኔን ይጠርጥሩ።


ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ሚንቾ ደረሰኞቹን በጫማ ከረጢት ሰጠኝ።

«ይቺን እዩልኝማ፣ እትዬ ራይና። ኢንጂነር ሲሰጡኝ ስቄ ነበር። ‹ኢንጂነር፣ ያኔ እኮ ቤንዚን ርካሽ ነበር› ብላቸው አልሳቁም።»

ለጣሪያ። የኤፕሪል ደረሰኝ። የኦግኒያን የእጅ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ንድፍ። ከታች ቀኑ፣ ወሩ፣ ከዚያ 2018።

አዲሱን ኮምፒውተር የገዛነው ሴፕቴምበር ላይ ነው።

ለክረምት የሚቀመጠውን ጎመን ዛሬ በርሜል ውስጥ ካልከተትኩት ይበላሻል። ጨው መግዛት አለብኝ።


ኖቬምበር 15

ደረሰኞቹ ተሰበሰቡ። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ሳነብ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲመታ። እንዴት እንደሚመታ! ጣቶቹን አይቶ አያውቅም። ስም፣ መጠን፣ ስም፣ መጠን። እንደ ድሮው ሆነን ነበር፤ ጎበዝ ነሽ፣ ቀጥዪ፣ ሞቅ ያለ ነገር ካለ አምጪ ይላል። ስህተት ሳነብ ይይዘኛል።

የደረሰኞቹን ቀን መጀመሪያ እሱ ነበር የሚያየው። በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ወደኔ ገፋው።

«ቀኑን አንቺ በይኝ፤ እኔ ልጻፍ።»

«ዓመቱንም?»

«ዓመቱን በተለይ» አለ። ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ድምሩና ሳጥኑ ገጠሙ። አንዲት ሌቫ አልጎደለም፣ አልተረፈም። ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ።

ሦስት ቦታ ገለበጥኩት። አራተኛውን ፍላሽ ለዶብሪንካ ሰጠኋት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።


ኖቬምበር 20

ስብሰባው አልቋል። ሁሉንም እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

መግቢያው ላይ፣ ፖስታ ሳጥኖቹ ፊት ቆምን፤ አንዳንዱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ኦግኒያን ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ የታተመውን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ አነበበ። የያንዳንዱን ስም፣ የያንዳንዱን መጠን። ድምፁ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል። የጠዋቱ ሰው አይመስልም። (ጠዋት ካልሲ ፍለጋ ምድጃውን ከፍቶ ነበር። ይህን አልጻፍኩትም ነበር፤ ጻፍኩት።)

ሲጨርስ ስቴፍካ እጇን አወጣች።

«ሒሳቡ ጥሩ ነው። ግን ፋይሉ ለምን ጠፋ? የሁላችንም ገንዘብ ነው፤ የመጠየቅ መብት አለኝ።»

ተነሳሁ። ቃሉን በልቤ አጥንቼዋለሁ። «እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ስንቀይር አንዱን በአንዱ ላይ ገለበጥኩት። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።»

«ባልሽ እያለ አንቺ ምን አስነካሽ?»

«ስቴፍኬ፣ ተይ እንጂ» አለ ሚንቾ። «ድምሩ ገጥሟል አይደል?»

«ገጠመ፤ ከጠፋ በኋላ ገጠመ።»

ያኔ ኦግኒያን ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ።

«ወይዘሮ ስቴፍካ፣ ባለቤቴ ፋይሉን ልታበላሽ አትችልም» አለ። «ፓስወርዱን አታውቅም። በዚህ ሕንፃ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። የከፈተው እሱ ከሆነ፣ የዘጋው እሱ ከሆነ፣ ያበላሸውም እሱ ነው። ቀላል ሒሳብ ነው። እሷ የምትለው ለኔ ብላ ነው፤ ልማዷ ነው። እኔ ነኝ። ተሳስቼ ሌላ ዓመት ከፈትኩ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ማንም አልጠበቀውም። ሚንቾ አጨበጨበ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ስቴፍካ «እንዲህ ሲሆን ጥሩ ነው» አለች፤ ተሸንፋ ሳይሆን ረክታ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ፋይሉን የተካው ሰው ያን ቀን ምን እንዳደረገ ያውቃል ማለት ነው። ሁልጊዜም ያውቅ ነበር? በዚያ ሰከንድ ግን ይህን አላሰብኩም። አለፈ፣ በክብር አለፈ ነው ያልኩት።

ኦግኒያን ዙሪያውን ቃኘ፤ ሰው እንደሚቆጥር።

«እንግዲህ ለጣሪያው ድምፅ እንስጥ» አለ። «ሁሉም ወርዷል? የቀረው ስላቪ ብቻ ነው። እስኪወርድ ትንሽ እንጠብቀው።»

ሚንቾ ጫማውን አየ። ስቴፍካ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ባታየኝ እመርጥ ነበር። ኦግኒያን ሊፍቱን እያየ በትዕግሥት ይጠብቃል።

ከደረጃው ላይ የተነሳችው ዶብሪንካ ናት። ሹራቧን አስተካከለች።

«ስላቪ አይወርድም፣ ኢንጂነር። ድምፁን ለኔ ሰጥቶኛል።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ።»

«እንግዲያው ደንቡ ይፈቅዳል» አለ። «ሁለት ድምፅ አለሽ።»

እጅ ወጣ። ዶብሪንካ ሁለቱንም እጇን አወጣች። ማንም አልሳቀም። ጣሪያው ጸደቀ። ከዚያ ሚንቾ ማንንም ሳያይ፣ ኢንጂነር ብዙ ዓመት ለፍተዋል፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ በዩሮው ወይዘሮ ዶብሪንካ ይያዙልን አለ። እንደገና ተጨበጨበ። ኦግኒያን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

ኦክቶበር ላይ ዶብሪንካ በሯ ላይ የነገረችኝን አሁን ልጻፈው። ኦግኒያን ደወሏን ደውሎ፣ ስላቪ ዳማ ሊጫወት ይውረድ ብሏታል። አንድ ጊዜ አይደለም። ከበጋ ጀምሮ በየሳምንቱ። እሷም በየሳምንቱ «ተኝቷል» ትለው ነበር።


ኖቬምበር 21

ካሊና ጋ ራሴ ደወልኩ። ምንም ድስት አላረረም።


ዲሴምበር 30

ርክክብ። ዶብሪንካ ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ መነጽሯን ደግሞ ረስታው ተመለሰች። ኦግኒያን ፓስወርዱን ንገራት ስንለው አሰበ።

«አላውቀውም» አለ። «ጣቶቼ ናቸው የሚያውቁት።»

ወንበሩን አስጠጋን። ጣቶቹ መቱ፤ ተከፈተ። ለዶብሪንካ እንዴት እንደሚነሳ አሳያት፤ ሁለት ጊዜ፣ ሳይቸኩል። ከዚያ የሌቫውን ፋይል ዘጋ። ስሙን ሊለውጥ ሲል እጁ ቁልፎቹ ላይ ቆመ።

«ራይና፣ ዓመቱ?»

«ሁለት ሺህ ሃያ አምስት።»

ጻፈው። ትንሽ አየው። «ብዙ ነው» አለ።


ጃንዋሪ 2፣ ዓርብ

ሐኪሙ ማክሰኞ ነው። ካሊና ሰኞ ማታ ትመጣለች።

ዛሬ ሁለታችንም ዳቦ ልንገዛ ወረድን። በረዶ እየወረደ ነው፤ ጣሪያው ግማሹ አልቋል፣ ግማሹ በሸራ ተሸፍኗል። በሩ መስታወት ላይ የዶብሪንካ ወረቀት ተለጥፏል፤ በዩሮ፣ ጠመም ብሎ፣ አንዱ ማዕዘን ተላጦ። ኦግኒያን ቆመ። የተላጠውን ማዕዘን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አጣበቀው። ከዚያ ጣቱን ከስም ወደ ስም እያወረደ አነበበ፤ ከላይ እስከ ታች። ሲጨርስ ደግሞ ከላይ ጀመረ።

ፊቱ በራ።

«አየሽ?» አለኝ። «ስላቪ ከፍሏል።»

ሚንቾ በረዶውን ከታክሲው መስታወት እየጠረገ ነበር። መጥረጉን አቆመ።

«አዎ» አልኩት። «ከፍሏል።»

«ነግሬሽ ነበር። የሚቀርበት ሰው አይደለም።»

ክንዴን ያዘኝ፤ ደረጃው በረዶ ስለያዘ ቀስ ብለን ወረድን።